ቫይረስ የምትሠራ ተርብ

ጎንደር ላይ ከበራሪ ነፍሳት ሁሉ ክብር ያላት ንብ ናት። በማሯና በጠጇ ብቻ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፋት የንብ መንጋ ነው እያሉ ትልልቆቹ ያወጉናል። ተርብ እንዲህ ያለ ታሪክ የላትም። ተርብ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጣሪያ ሥር የተንጠለጠለው ቤቷና ያበጠ ዓይን ነው። ቀልጣፋ ልጅ ሲያጋጥመን «ተርብ ነው» እንላለን፤ ምስጋናዋ እዚያ ላይ ያበቃል።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ተርብ ነው። ሰው አትነድፍም። ቁመቷ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥቁር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ፊታችሁ ላይ ብታርፍ ትንኝ መስላችሁ በእጃችሁ ታባርሯታላችሁ። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን እንደሷ እንቅልፍ የነሳኝ ፍጥረት የለም። ምክንያቱ ሆዷ ውስጥ የምትሠራው ቫይረስ ነው። «የምትሠራው» ያልኩት አውቄ ነው። ቫይረስ ይዟት አይደለም፣ አልታመመችም። ራሷ ትሠራዋለች።

ባለፈው ጥቅምት ደንቢያ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጥንቅሽ የሚደርስበት ጊዜ ነው። ጥንቅሽ ቀምሶ የማያውቅ አንባቢ ካለ ያሳዝነኛል፤ አገዳው የሚጣፍጥ የማሽላ ዓይነት ነው፣ በጥርስ እየተላጠ ይመጠጣል። አጎቴ ከማሳው ዳር አንድ እቅፍ ቆርጦ አመጣልኝ። አንዱን ስልጥ ከአንጓው በላይ ቀዳዳ አየሁ። ዙሪያው ቀልቷል። እንዲህ ያለውን ሁላችንም ቆርጠን እንጥለዋለን። እኔ ግን በቢላዋ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውስጡ የአገዳ ቆርቁር የፈለፈለው መሿለኪያ ነው፤ እርጥብ ኩስና የአገዳ ብናኝ ሞልቶታል። ትሉ ጫፉ ላይ ነበር፤ ሞቶ ቆዳው ተጨማዷል። አጠገቡ ነጭ ድር የለበሱ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ጥቃቅን ከረጢቶች ተከምረዋል። እያንዳንዳቸው ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ።

«የትሉ እንቁላል ነው፤ እሳት ውስጥ ጣለው» አለኝ አጎቴ።

«ጋሼ፣ ትል እንቁላል ይጥላል እንዴ?»

ትንሽ አሰበ። «ለነገሩ የምትጥለው የእሳት እራቷ ናት። ትሉማ ገና ልጅ ነው።» ከዚያ አገዳውን ከእጄ ተቀብሎ አስጠግቶ አየው። «ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

ከረጢቶቹን ባዶ የማር ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ፣ አፉን በነጠላ ቁራጭ አስሬ ወደ ጎንደር ይዣቸው መጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ ጠርሙሱ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች ይርመሰመሱ ጀመር። ኮቴሲያ የሚባለው ወገን ናቸው።

እናታቸው ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። አገዳው ላይ ያለውን ቀዳዳ አሽትታ ታገኛለች። ትሉ ወዳለበት መሿለኪያ ትገባለች። ቦታው ጠባብ ነው፤ ትሉ ደግሞ ይናከሳል፤ ከሚገቡት ብዙዎቹ እዚያው ይቀራሉ። ከተሳካላት ግን ትወጋውና በአንድ ጊዜ በአሥር የሚቆጠሩ እንቁላሎች ሰውነቱ ውስጥ ታስቀምጣለች። እጮቹ ተፈልፍለው የትሉን ደም እየተመገቡ ያድጋሉ። ትሉ በዚህ ሁሉ ጊዜ በሕይወት አለ። ሲደርሱ ቆዳውን በስተው ይወጣሉ፣ ድር ይፈትላሉ፣ ከረጢታቸው ውስጥ ገብተው ሙሽሬ ይሆናሉ፤ ሙሽሬ ማለት እጭ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት የሚያልፍበት ደረጃ ነው።

ዳርዊን እንዲህ ያሉ ጥገኛ ተርቦች አስጨንቀውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ለወዳጁ ለአሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሕያው ትል ሥጋ ውስጥ እንዲመገቡ አድርጎ ቸር አምላክ እነዚህን ተርቦች አስቦ ፈጠራቸው ብሎ ራሱን ማሳመን እንዳቃተው ነግሮታል። አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ ባዮሎጂ ስታስተምር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። እኔ ተማሪዎቹን ወደ ንስሐ አባታቸው እልካቸዋለሁ። አንዳንዶቹ አባቶች መልሰው ወደ እኔ ይልኳቸዋል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ትሉ ለምን ዝም ይላል? ነፍሳት ዝም ብለው የሚበሉ ፍጥረቶች አይደሉም። ደማቸው ውስጥ የሚዞሩ ሕዋሳት አሉ። ባዕድ ነገር ሲገባ ተንጋግተው ይጣበቁበታል፣ ተደራርበው ይሸፍኑታል፤ ብዙ ጊዜም ሽፋኑ ይጠቁራል፤ የገባው ነገር ታፍኖ ይሞታል። የተርቧን እንቁላል ግን እያዩ ያልፉታል።

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሱዛን ሮዘራም የተባለች ተመራማሪ የአንዲት ጥገኛ ተርብ እንቁላል ገጽ ላይ የተለጠፉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አገኘች፤ እንቁላሉ ከትሉ መከላከያ የሚያመልጠው በእነሱ ነው። ትልቁ ማስረጃ የመጣው ግን በ1981 ነው። አራት ተመራማሪዎች የተርብ እንቁላሎችን አጥበው፣ ፈሳሹን ሁሉ አስወግደው ትል ውስጥ አስገቡ። የትሉ ሕዋሳት እንቁላሎቹን ወዲያው ሸፈኗቸው። ከዚያ ከተርቧ የመራቢያ አካል ያጠሩትን ቫይረስ ጨምረው አስገቡ። እንቁላሎቹ ተረፉ። ቀጥለው የቫይረሱን ዲኤንኤ በአልትራቫዮሌት ጨረር አበላሽተው ሞከሩት። እንቁላሎቹ እንደገና ተሸፈኑ። ሙከራው ይኸው ነው። ቀላል፣ ንጹሕ፣ የማያከራክር። ለተማሪዎቼ ጥሩ ሙከራ ምን ይመስላል ስባል የምነግራቸው ይህንን ነው።

ቫይረሱ ትሉ ውስጥ ሲገባ ወደ ሕዋሳቱ ዘልቆ የያዛቸውን ጂኖች ያሠራል። ከጂኖቹ የሚወጡት ፕሮቲኖች የትሉን የደም ሕዋሳት ያሽመደምዳሉ። መጣበቅ ያቅታቸዋል። የትሉ እድገትም ይዛባል፤ ሙሽሬ የሚሆንበት ጊዜ ሲደርስ አይሆንም፣ ለተርቧ ልጆች ቀለብ ሆኖ ይቆያል። ከእንቁላሉ ጋር መርዝም ይገባል፤ መርዙም የራሱን ያግዛል።

እዚህ ላይ ክፍል ውስጥ አንድ እጅ ሁልጊዜ ይወጣል። ከኮሮና በኋላማ ቫይረስ የሚለውን ቃል የሚፈራ ብዙ ነው። «ቲቸር፣ ጥንቅሽ ስንበላ አይዘንም?» አይይዝም። ሰው ይቅርና ትሉን እንኳ እኛ በምናውቀው መንገድ አይዘውም። ትሉ ውስጥ ገብቶ ጂኑን ያሠራል እንጂ አይራባም። አንድም አዲስ ቫይረስ ከትሉ አይወጣም። ከአንድ ትል ወደ ሌላው አይተላለፍም።

ታዲያ የት ነው የሚራባው? ነገሩ የሚጣፍጠው ከዚህ ወዲያ ነው።

መልሱ ተርቧ ክሮሞዞም ውስጥ ነው የሚል ነው። ቫይረሱን ለመሥራት የሚያስፈልገው መመሪያ በሙሉ በተርቧ ዘረመል ላይ ተጽፏል። ከእናት ብቻ ሳይሆን ከአባትም ይወረሳል። ወንዱ ተርብ ቫይረስ አይሠራም፣ ጂኖቹን ግን ለሴት ልጆቹ ያስተላልፋል። እያንዳንዱ የሰውነቷ ሕዋስ ውስጥ አሉ። እግሯ ውስጥ አሉ፣ ዓይኗ ውስጥ አሉ። ግን ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እንቁላል ሳለች ዝም፤ ትሉን እየበላች እጭ ሳለችም ዝም።

የሚነቁት ከረጢቷ ውስጥ ሙሽሬ ሆና፣ ነጭ የነበረው ሰውነቷ መጥቆር ሲጀምር ነው። ያኔ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የእንቁላል ማፍሪያዋ ከእንቁላል መውጫዋ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ክፍል፣ የቫይረስ ጂኖቹ ይበራሉ። ቅደም ተከተል አላቸው። አስቀድሞ ሌሎቹን ጂኖች የሚያነበው ፕሮቲን ይሠራል፤ እሱ ራሱ ከጥንቱ ቫይረስ የተወረሰ ነው። እሱ ከተሠራ በኋላ የቫይረሱን ቀፎና ሽፋን የሚሠሩት ጂኖች ይነበባሉ። ማይክሮፕሊቲስ ዴሞሊተር በምትባል ተርብ ላይ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን አንባቢ ፕሮቲን የሚሠሩትን ጂኖች አንድ በአንድ አዳከሟቸው። የሽፋኑ ጂኖች ወዲያው ቀዘቀዙ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ቫይረሱ ለራሱ የሚጠቀምበት ሥርዓት ዛሬም እየሠራ ነው ማለት ነው። የሚሠራው ግን ለሌላ ጌታ ነው፣ የሚበራበትን ሰዓት የሚወስነው ደግሞ የተርቧ እድገት ነው።

በዚያው ጊዜ ከክሮሞዞሟ የተወሰኑ ቦታዎች ደግመው ደጋግመው ይባዛሉ፣ እየተቆረጡ ክብ ክብ ዲኤንኤ ይሆናሉ፣ በተሠራው ቀፎ ውስጥ ይታሸጋሉ። የሕዋሱ ኒውክለስ በቫይረስ እስኪወጠር ይሞላል። በመጨረሻ ሕዋሱ ይፈነዳና ቫይረሶቹ እንቁላሎቹ ወዳሉበት ይፈስሳሉ። ተርቧ ክንፍ አውጥታ ከረጢቷን ስትቆርጥ እንቁላሎቿ በቫይረስ ተዘፍቀዋል። ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሰማያዊ ነጸብራቅ አለው። በደቃቅ መቆንጠጫ ሆዷ ተከፍቶ ያንን ሰማያዊ ጠብታ ያየ ሰው፣ ያየው ሁሉ ቫይረስ መሆኑን ማመን ይከብደዋል።

አሁን ልብ በሉ። የሽፋኑ ጂኖች ወደ ቀፎው አይገቡም። ተርቧ ዘንድ ይቀራሉ። ታሽጎ የሚወጣው ትሉን የሚያደነዝዘው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የወጣው ቫይረስ ራሱን መሥራት አይችልም። ዘር የለውም።

ለዚህ ነገር አንድ ምሳሌ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም በቅሎ ነው። ትሠራለች፣ ትሸከማለች፣ አትወልድም። ለባለቤቷ እንጂ ለራሷ ወገን የምታተርፈው የለም። ምሳሌው ሌላም ነገር ያግዘኛል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ይህም ቫይረስ ለብዙ ዓመት እንዲሁ ነበር የሚመልሰው። እ.ኤ.አ. በ2004 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ኮቴሲያ ኮንግሬጋታ የምትባለው ተርብ ቫይረስ ውስጥ የታሸገውን ዲኤንኤ ሙሉውን አነበቡት። 30 ክቦች ነበሩ። ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ምንም ፕሮቲን አይሠራም። ከቀሩት ጂኖች መካከል ብዙዎቹ የነፍሳት ጂን ይመስላሉ፤ የታወቀ ቫይረስ ጂን የሚመስለው ከስንት አንዱ ነው። ይህን ያዩ አንዳንዶች «ነገሩ መጀመሪያውኑ ቫይረስ ነበረ ወይ?» እስከ ማለት ደረሱ።

አባቱ የታወቀው በ2009 ነው። ቱር በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የሚሠሩት የዣን-ሚሼል ድሬዘን ባልደረቦች ጥያቄውን ገለበጡት። የታሸገውን ትተው የሚያሽገውን ክፍል ተመለከቱ። ቫይረሱ በሚሠራበት ሰዓት ተርቧ የመራቢያ አካል ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እንደሚበሩ ለቀሙ። ከ20 በላይ የሚሆኑት የኑዲቫይረስ ዘመድ ሆነው ተገኙ። ኑዲቫይረስ ዛሬም ያለ፣ ነፍሳትን የሚያጠቃ እውነተኛ ቫይረስ ነው። ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ብንሄድ፣ የዚህ ቫይረስ ዘመድ የአንዲትን ተርብ ቅድመ አያት ያዘ። ዲኤንኤው ዘሯ ውስጥ ገባ። አልወጣም። ከሷ የተወለዱት ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ናቸው፣ ሁሉም ያንን ውርስ ይዘዋል። በ2021 የወጣው የኮቴሲያ ኮንግሬጋታ ሙሉ ዘረመል የቫይረሱ አሻራ በ10ሩም ክሮሞዞሞቿ ላይ እንደተበተነ አሳይቷል።

የሚገርመው፣ ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። ሌላ የጥገኛ ተርብ ቤተሰብ ከሌላ ቫይረስ ተነስቶ ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል። ሮዘራም ያየቻት የ1967ቷ ተርብ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ትለያለች። እሷም በራሷ መንገድ ኑዲቫይረስ ወርሳለች፣ ግን ዲኤንኤውን ጨርሶ ትታዋለች። ቅንጣቶቿ ባዶ ናቸው። ጂን የሚባል አይዙም፤ የተርቧን ፕሮቲን ብቻ ተሸክመው ይሄዳሉ።

እነዚህን ነገሮች የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጂን መጋራት ይሉታል፤ ተጋግዞ መኖር፣ ወዳጅነት። እኔ ይህ አነጋገር አይዋጥልኝም። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ በደንብ አድርጋ ጠየቀችው። «ቲቸር፣ ተርቧስ ተጠቀመች። ቫይረሱ ምን ተጠቀመ?» የተለመደው መልስ ቫይረሱም ጂኑ 100 ሚሊዮን ዓመት ተርፎለታል፣ በብዙ ሺህ ዝርያ ተሰራጭቷል የሚል ነው። እውነት ነው። ግን ይህ የበቅሎ ባለቤት መልስ ነው። እሱም ቢሆን በቅሎዬ ተቀልባለች፣ ተከብራለች ይላል። ወዳጅነት ለማለት ሁለት ወገን ያስፈልጋል፤ እዚህ ሁለተኛው ወገን የለም። ራሱን ችሎ የሚወጣ፣ ሲያሻው ትቷት የሚሄድ ቫይረስ ከቀረ ቆይቷል። ያለው ተርቧ ራሷ ናት፣ አንድ ተጨማሪ የአካል ክፍል ይዛ። ክፍሉ መሥራት የሚጀምረው ሙሽሬነቷ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ከሰውነቷ የሚወጣው ደግሞ ስትወጋ ነው። ልጅቷ በዚህ መልስ አልረካችም። «እንዲያ ከሆነ ተርቧም ያለ እሱ አትወልድም፤ ማን ማንን አላመደ?» አለችኝ። ደወል አዳነኝ።

ወደ አገዳችን እንመለስና፣ ይህ ሁሉ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል? ብዙ። ኬንያ ውስጥ ኮቴሲያ ሴሳሚዬ የምትባል የአገሬው ተርብ አለች። መልኳ አንድ ነው፣ ስሟም አንድ ነው። ነገር ግን መሀል አገር ያለችው በደጋና ወይና ደጋ አገዳ ቆርቁር ውስጥ ልጆቿን በሰላም ታሳድጋለች፤ ከሞምባሳ አካባቢ፣ ከባሕሩ ዳር የመጣችው እዚያው ትል ውስጥ ብትጥል እንቁላሎቿ ይሸፈናሉ፣ ይሞታሉ። ልዩነቱ ሲፈተሽ ሲአርቪ-1 ወደተባለ የቫይረሱ ጂን መራ። ሁለቱ ተርቦች የያዙት የዚህ ጂን ዓይነት ይለያያል። ይህ ጂን በቅርብ ዘመዷ ላይ ሲጠና የትሉን የደም ሕዋሳት ውስጣዊ አጽም አፍርሶ መጣበቅ እንደሚነሳቸው ታውቋል። እንግዲህ ተርብ አርብቶ ማሳ ላይ የሚለቅ ሰው ስሟን ማወቁ አይበቃውም፤ የትኛውን ቫይረስ እንደምትሠራም ማወቅ አለበት።

የናይሮቢው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የምትባለውን ከፓኪስታን አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ ለቋታል። የተፈለገችው ከእስያ ለገባው የቆላ አገዳ ቆርቁር ነበር፤ እሱ ላይም ሠርታለች። የእኛ የደጋው ቆርቁር ግን እንቁላሏን ይሸፍንባታል። ደንቢያ ላይ ብትለቋት ብዙ አትረባችሁም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ሲገባ ሁላችንም በቆሎ ማሳ ውስጥ በእጅ ትል ሲለቀም አይተናል። በማግስቱ ዓመት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ኢትዮጵያ ውስጥ መጤውን ትል ከሚያጠቁት ጥገኛ ተርቦች ግንባር ቀደሟ ኮቴሲያ አይሲፔ ነበረች። ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በሷ ተይዘው የተገኙባቸው ቦታዎች ነበሩ። ማንም አልጠራትም፣ ማንም አልከፈላትም። እንግዳውን ትል አይታው አታውቅም፣ የያዘችው ቫይረስ ግን ሠራላት። እኛ ደግሞ ያገኘነውን ሁሉ የሚገድል መድኃኒት ስንረጭ ከትሉ ጋር እሷንም እንረጫታለን። ይህንን ለአጎቴ ነግሬው ረጅም ክርክር ገጥመናል፤ የሱ ጥያቄ «ተርቧ እስክትደርስ ልጆቼ ምን ይብሉ?» የሚል ነው። ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ጂን ከቤት ወጥቶ ሌላ ቤት የሚገባበትም ጊዜ አለ። ወደ ትሉ የገቡት ክቦች አንዳንዶቹ የትሉ ዲኤንኤ ውስጥ ይሰካሉ። አብዛኛውን ጊዜ ትሉ ስለሚሞት ነገሩ እዚያ ይቆማል። ግን አልፎ አልፎ የሚተርፍ ትል አለ፣ አድጎ የሚወልድ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ሞናርክ በምትባለው ቢራቢሮ፣ በሐር ትልና በተምች ዘመዶች ዘረመል ውስጥ ከተርብ ቫይረስ የመጡ ጂኖችን አገኘ። ከተምች ዘመዶች በአንዱ ውስጥ ጂኑ ቁጭ ብሎ አይኖርም፤ ባኩሎቫይረስ የተባለውን ሌላ ገዳይ ቫይረስ ይከላከልላታል። ጠላት ሊገድላት የላከው ጂን ዘሯን ይጠብቃል። ባኩሎቫይረስ ደግሞ ለኑዲቫይረስ የአጎት ልጅ ነው። የዚህ ዘመድ አዝማድ ነገር ሰርግ ቤት ቢቀርብ የሚፈታው ሽማግሌ አይገኝም።

ይህ የትልና የተርብ ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። ከእኛ ዘረመል 8 በመቶ ያህሉ የጥንት ቫይረሶች ቅሪት ነው። አብዛኛው ዝም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ሲንሲቲን የተባለ ፕሮቲን ታወቀ። ጂኑ የጥንት ቫይረስ የሽፋን ጂን ነው፤ ቫይረሱ ከሕዋስ ጋር ለመዋሐድ ይጠቀምበት የነበረ። ዛሬ የሚሠራው እንግዴ ልጅ ውስጥ ነው፤ የእናትንና የልጅን ደም የሚለየውን ሽፋን የሚሠሩት ሕዋሳት በሱ ይዋሐዳሉ። እሱም እንደ ተርቧ ቫይረስ ሰዓት ጠብቆ፣ ቦታ መርጦ ነው የሚበራው። እትብቴ ጎንደር ነው የተቀበረው እያልኩ ስኩራራ አብሮ የተቀበረውን ቫይረስ አላውቅም ነበር።

ተርቧ ሁሉን አሸነፈች እንዳይባል አንድ ነገር ልጨምር። ቫይረሷ ያሳብቅባታል። ጎመን የሚበሉ ትሎች ላይ የምትጥለው ኮቴሲያ ግሎሜራታ ቫይረሷንና መርዟን ስታስገባ የትሉ ምራቅ ይለወጣል። ምራቁ ሲለወጥ የተበላው ጎመን የሚያወጣው ሽታ ይለወጣል። ያንን ሽታ ሊሲቢያ ናና የምትባል ሌላ ተርብ ከሩቅ ትለየዋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ይህን ያረጋገጠው ምንም ያልተጠቃ ትል ወስዶ ቫይረስና መርዝ ብቻ በመውጋት ነው። እንቁላል የለ፣ እጭ የለ። ሆኖም ትሉ የበላው ጎመን ሊሲቢያን ጠራት።

ሊሲቢያ ጎመኑንም ትሉንም አትፈልግም። ኮቴሲያ ከትሉ ወጥታ ነጩን ከረጢቷን እስክትፈትል ትጠብቃለች። ከዚያ በከረጢቱ ላይ ቆማ ትወጋታለች፣ ሽባ ታደርጋታለች፣ እንቁላሏን ትጥልባታለች። የራሷ ቫይረስ የላትም፤ አያስፈልጋትምም። ሙሽሬ የሚሸሽበት የለውም። ኮቴሲያ በዚያ ዕድሜዋ ገና ነጭ ናት፣ የቫይረስ ጂኖቿ አልበሩም። የእናቷ ቫይረስ አሳብቆ ያስበላታል፣ የራሷን መሥራት ሳትጀምር።